ጥላቢስ

ሐሙስ ማታ፣ ጅማ

ዝናቡ ከቀትር በኋላ የጀመረ ነው፤ አሁንም አላባራም። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ሻማው ወለሉ ላይ ነው። ያቺ ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ ከፊቱ ስላለች ጥላዋ ግድግዳውን ይዞ ኮርኒሱ ድረስ ወጥቷል። እሷ ከጉልበት አታልፍም፤ ጥላዋ ግን ቤቱን ሞልቶታል። ቀኑን ሙሉ ምክንያቱ የማይታወቅ ድብርት ተጫጭኖኝ ነው የዋልኩት። ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረች አንዲት ልጅ የሰጠችኝ ረቂቅ ጭኔ ላይ ነው። ስትሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችኝ፦ «መካሪው ሽማግሌ ነፍስ አልዘራ አለኝ፤ ምን ላድርጋቸው?»

ግድግዳውን እያየሁ አንድ ቃል ያዘኝና አልለቅ አለኝ፤ ጥላቢስ።

አማርኛ ሰውን በጥላው ይመዝናል። ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልለት «ጥላው ከባድ ነው» ይባላል። ቢመጣ ቢሄድ ልብ የማይሉት ጥላቢስ ነው። ከሚፈሩት ክፉ ነገሮች አንዱም ጥላ ወጊ ነው፤ ሰውዬውን ትቶ ጥላውን የሚወጋ። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) ስለ ጥላ የጻፈውን ሲያነብ ግማሹን መንገድ ቀድሞ ሄዶታል ማለት ነው። ዩንግ ጥላ የሚለው ሰው «ይሄ እኔ አይደለሁም» ብሎ ከራሱ ያራቀውን ሁሉ ነው። ክፋት ብቻ እንዳይመስል። ጨዋ ሁን እየተባለ ያደገ ልጅ የዋጠው ቁጣ፣ ቁም ነገረኛ ለመባል የተወው ዘፈን፣ ከተሜዎች እንዳይስቁበት የደበቀው የገጠር አነጋገር፣ ሁሉም እዚያ ተከማችቷል። ጥላ የሌለበት ቅርጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል ይላል ዩንግ። የልጅቷ ሽማግሌ ሕመማቸው ይሄው ነው፤ ጥላቢስ ናቸው።

ዩንግ አርኪታይፕ የሚለውን፣ በየሕዝቡ ታሪክ እየተደጋገመ የሚመጣውን ጥንታዊ አምሳያ፣ ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እንደ ሰዎች ዝርዝር ነው የሚረዳው፤ ጀግና፣ መካሪ፣ ጠላት፣ አታላይ፣ እናት። ከዝርዝሩ አንዱን ያነሳና ስም ያወጣለታል፣ ልብስ ያለብሰዋል፣ ያናግረዋል። ዩንግ ግን የሚወረሰው የተጠናቀቀ ሥዕል ነው አላለም፤ የሚወረሰው ሥዕሉን የመፍጠር ዝንባሌ ነው። በክሪስታል መስሎታል። ጨው ከውሃ ሲረጋ ሁልጊዜ የራሱን ማዕዘን ይዞ ይረጋል፤ ማዕዘኑን ግን አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ውሃ ጥሎት ከሄደ የወንዝ መውረጃ ጋር ያመሳስለዋል፤ ውሃው ለረጅም ዘመን ይጠፋና ሲመለስ ያንኑ አሮጌ መንገድ ያገኛል። የጅማውን ወንዝ አዌቱን በበጋም በክረምትም ከድልድዩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። መውረጃው ያው ነው፤ የሚወርደው ውሃ በየክረምቱ ሌላ ነው። ጸሐፊ የሚያመጣው ውሃውን ነው። ልጅቷ መውረጃውን በደንብ ቆፍራዋለች፤ ውሃ አልለቀቀችበትም።

በረቂቁ መሐል ላይ ያለውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነጋዴው የዋናውን ባለታሪክ፣ የልጁን ቤተሰብ ቡና በዕዳ ወስዶባቸዋል፤ ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ይሄዳል። ሽማግሌው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ነጭ ነው። «ልጄ ሆይ፣ ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው» ይሉታል። ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ ይሄዳል። ስማቸውን በጣቴ ሸፍኜ ንግግሩን ብቻ ደገምኩት። ይህን ማንኛውም ሽማግሌ፣ በየትኛውም ታሪክ፣ ለማንም ልጅ ሊለው ይችላል። ከሁሉ የሚቀለው መፈተኛ ይሄ ነው፤ ስሙ ሲሸፈን ተናጋሪው አብሮ ከጠፋ ገና አልተወለደም።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ሽማግሌው በነጻ ሰጡ። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጥናት 100 የሩሲያ ተረቶችን ብልት በብልቱ ፈትቶ 31 ድርጊቶችና 7 የሥራ ድርሻዎች አግኝቶባቸዋል። ከ7ቱ አንዱ የሰጪው ድርሻ ነው። ተረት ደግሞ ሰጪው ዝም ብሎ እንዲሰጥ አይፈቅድም። በ12ኛው ድርጊት ሰጪው ይፈትናል፤ በ13ኛው ጀግናው ለፈተናው ምላሹን ያሳያል፤ ስጦታው እጁ የሚገባው በ14ኛው ነው። ጀማሪ 12ንና 13ን ዘሎ 14 ላይ ያርፋል። ምክሩ ስብከት የሚሆነው ያኔ ነው። ልጁ ያልከፈለበትን ነገር አንባቢውም ዋጋ አይሰጠውም።

እንዲህ ቢሆንስ? ልጁ ሲመጣ ሽማግሌው ቀና ብለው አያዩትም። ቅርጫት ይገፉለትና «ሂድ፣ ቀዩን ብቻ ለቅመህ ና» ይሉታል። ልጁ ልቡ ዕዳው ላይ ነው። ቅርንጫፉን በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ይገፈዋል፤ ቀዩም አረንጓዴውም ቅርጫቱን ይሞላዋል። ሽማግሌው ተቀብለው ጆንያ ላይ ይዘረግፉታል። አይቆጡም። አረንጓዴውን እያነሱ ወደ ጎን ማኖር ይጀምራሉ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ጥሬው ከቀዩ ጋር ከደረቀ ጀንፈሉን እንደሚያበላሸው፣ ጉዳቱም እስከ ሲኒው ድረስ እንደሚሄድ ልጁ ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ቆሞ ያያል። ከዚያ ቁጭ ይልና አብሮ ይለቅማል። ሲመሻሽ ሽማግሌው «ነጋዴው ሚዛኑን የሚያሳስተው የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ?» ይሉታል። «አባ፣ እርስዎ በምን አወቁ?» እጃቸውን ከጆንያው ላይ ሳያነሱ ይመልሳሉ፦ «አሥራ ሁለት ዓመት እኔ ነበርኩ የምመዝንለት።»

አሁን ጥላ አላቸው። ምክራቸው የሚከብደው በጢማቸው ንጣት ሳይሆን፣ ያንን ለማወቅ በበደሉት ሰው ብዛት ነው። ምናልባት የልጁን አባትም መዝነውታል። ልጅቷ ያንን ትወስን።

የአሜሪካዊውን የአፈ ታሪክ ተመራማሪ የጆሴፍ ካምቤልን የጀግና ጉዞ (እ.ኤ.አ. 1949፣ 17 ደረጃዎች) የሚያመልኩ አሉ። ጠቃሚ ነው፤ ግን እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ሁሉም ላይ ካልቆምኩ የሚል ጸሐፊ ሲያጋጥመኝ ያሳዝነኛል። እሱን ልተወው።

ፐርሶና ግን አያልፈኝም። ቃሉ የላቲን ነው፤ የተዋናይ ጭንብል ማለት ነው። ዩንግ ሰው ለአደባባይ የሚያወጣውን ፊት በዚህ ስም ጠርቶታል። እኛ ደግሞ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ብለን ጨርሰነዋል። ከዚህም የሚበልጥ መሣሪያ አለን፤ የፈረስ ስም። ጂሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የሚታየው፣ ጅማን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የገዙት ንጉሥ በፈረስ ስማቸው አባ ጅፋር ሆነው ቀሩ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ስሙ የፈረሱ ይሁን እንጂ የሚያሳየው ጋላቢው ሊታይበት የወደደውን ፊት ነው፤ የታጠቀ፣ የሚበዘብዝ፣ የሚዳኝ፣ መላ የማያጣ። ለባለታሪኮቻችን ሁሉ የፈረስ ስም ብናወጣላቸው እወዳለሁ። ስሙ ከወጣ በኋላ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ከፈረሱ ሲወርድ ማን ነው? አባ መላ የተባለ ሰው መላ የጠፋበትን ሌሊት የጻፈ ሰው፣ ሰውዬውን አገኘው።

እዚሁ ጂሬን ላይ ሌላም ነገር አለ። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ገብረው ግዛታቸውን እንዲያተርፉ የመከሯቸው እናታቸው ጉሚቲ እንደነበሩ ይነገራል። መካሪን ስናስብ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ወንድ ሽማግሌ ብቻ የሚመጣብን ለምንድን ነው? ፕሮፕም አንድ ሰው ብዙ ድርሻ ሊሸከም፣ አንድ ድርሻም ለብዙ ሰው ሊከፋፈል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጦታል። የምትመክር እናት ልጇን ለማጣትም ትፈራለች፤ ምክሯ ውስጥ ፍርሃቷ አለ። አንባቢ ምክሩን ከፍርሃቱ ለመለየት ሲታገል ገጹ ይሞቃል። ይህች በርጩማ እግሮቿ በምስማር የተመቱ አይደሉም፤ ከአንድ ግንድ ነው ሦስቱም የተፈለፈሉት። ድርሻም ከሰውዬው እንጨት ካልወጣ ይነቃነቃል።

ነጋዴው። የልጅቷ ነጋዴ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ቦርጩ ትልቅ ነው፣ ድሃ ሲያለቅስ ይስቃል። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ሰይጣንና ከሃዲን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለሥዕሉ የጠራ ሕግ ነው፤ ሊጸልይ የገባ ሰው የማንን ዓይን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ሁለተኛውን ዓይን የማሳየት ግዴታ አለበት።

አሠራሩ ይሄን ያህል አይከብድም። አንድ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል። በግራ በኩል ልጁ «እኔ በሕይወቴ አላደርገውም» የሚላቸው አሥር ነገሮች ይጻፋሉ፤ ትንንሾቹ ይሻላሉ። በቀኝ በኩል ከእነዚያ ሦስት ወይም አራቱ ለነጋዴው ይሰጣሉ። አሥሩም ከተሰጡት መስታወት ይሆንና ሰውነቱ ይጠፋል። ከዚያ ሁለቱም አጥብቀው የሚፈልጉት አንድ ነገር ይፈለጋል፤ ለምሳሌ የአንድ አባት አድናቆት። በመጨረሻ፣ ታሪኩ ሊገባደድ ሲቃረብ፣ ልጁ ከግራው ዝርዝር አንዱን ራሱ ያደርገዋል፤ ደራሲዋም ዝም ትላለች።

የቁጣው ልክ ወሳኝ ነው። ዩንግ እንዳለው ሰው ጥላውን በራሱ ላይ ስለማያየው በሌላው ላይ ይጥለዋል፤ ምልክቱም ከነገሩ በላይ የሆነ ንዴት ነው። ልጁ ነጋዴው ቡና ስለወሰደበት ብቻ ከተናደደ ማንም የሚናደደው ንዴት ነው። ነጋዴው ስልክ እያወራ፣ ቁልቁል ሳያይ እግሩን ለሊስትሮው ሲዘረጋ አይቶ ልጁ ደሙ ከፈላ ግን፣ አንባቢው «እዚህ ጋ ምን አለ?» ይላል። ከመቶ ገጽ በኋላ ልጁ ቀንቶት መርካቶ ቆሞ ስልክ ሲያወራ እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሊስትሮው ሳጥን ይሄዳል። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ሁሉ ያበላሸዋል።

ስለ ልጅቱ ገጸ ባሕርይ፣ ማለትም ልጁ ስለሚወዳት፣ የማክለው ጥቂት ነው። አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ ወተት ተብላለች። ይህ ዩንግ አኒማ ያለው ነው፤ ወንዱ በውስጡ የያዘው የሴት ምስል። እሷ ገና አልመጣችም። ልጁ የሌለበት፣ ስለ ልጁም የማታስብበት አንድ ትዕይንት ይሰጣት፤ የእናቷን መድኃኒት ለመግዛት ብር ስትቆጥር ቢሆንም ይበቃል።

በረቂቁ ውስጥ ያለምንም እርዳታ በሕይወት ያለው ደላላው ነው። ሦስት ገጽ ላይ ብቻ ይታያል፤ ግን ስሙን ብሸፍነውም አውቀዋለሁ። አታላይ ነው፤ የአያ ጅቦና የእመት ጦጢት ዘር። ሁለቱንም ወገን ይሸጣል፣ ራሱም ይታለላል፣ በነጋታው ምንም እንዳልተማረ ሆኖ ይመጣል። አታላይ መማር የጀመረ ቀን ሌላ ድርሻ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ እሷም ሳታውቀው ከዚያ ጠብቃዋለች። ሽማግሌውን አስባ ሠራቻቸው፤ ደላላውን ግን መርካቶ ውስጥ ሰምታዋለች። ለምን እንደተሳካላት ስትመጣ መጠየቅ አለብኝ።

ግን አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጥላ ከአንድ ወገን ብቻ አይወድቅም። ነጋዴው የልጁ ጥላ ከሆነ፣ ልጁም ለነጋዴው እንዲሁ ነው፤ ጥሎት የመጣውን ነገር በልጁ ፊት ላይ ያያል። ሽማግሌው አሥራ ሁለት ዓመት የመዘኑለት ይህ ሰው ሲጀምር የልጁ እኩያ ቢሆንስ? እሱም አንድ ቀን ግራ ገብቶት ወደዚያ ዛፍ ሥር መጥቶ ይሆን? ያኔ ቅርጫቱን ገፍተውለት ይሆን፣ ወይስ ሳይፈትኑት ሚዛኑን ሰጥተውት?