የተሰረዘው «ክቡር ሆይ»

ዛሬ ማታ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከስንት ወር በኋላ! እጄን ታጥቤ በደንብ አደረቅኩና ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ጓንት አላደርግም። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፤ ያረጀ ወረቀት የሚቀደደው ደግሞ ሳይታወቅ ነው።

«የድሮ ባለሥልጣን ፊርማ ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። እኔን የሚይዘኝ ዝናው አይደለም። ሥልጣኑም ማዕረጉም ሄዷል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው የሰውዬው እጅ ብቻ ነው። ሲቸኩል፣ ሲደክመው፣ ሲናደድ ከብዕሩ ያስታውቃል።

ለዚህም ነው የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ልቤን የሰበረው። ገንዘብ አጠራቅሜ የገዛሁት ነበር። ፊርማው ያምራል፣ ቀለሙም እውነተኛ የብዕር ቀለም ነው። በኋላ የዚያው ሰው የሌላ ደብዳቤ ኮፒ እጄ ገባ። ሁለቱን ደራርቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳኋቸው። ፊርማዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ልክ ቁጭ አሉ፤ አንዲት መስመር እንኳ አላፈነገጠችም። ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎ መፈረም አይችልም። የፈረመው ማሽን ነበር። አውቶፔን ይባላል፤ ብዕር ይዞ የተቀረጸለትን ፊርማ እየተከተለ ይጽፋል። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

አሁን መጀመሪያ የማየው የመስመሩን ጫፍ ነው። የሰው እጅ ወረቀቱን የሚነካው እየተንቀሳቀሰ፣ የሚለቀውም እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ጫፉ ይቀጥናል። ማሽኑ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ነው የሚጀምረው፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ነጥብ ይተዋል።

በሰው ስም የሚፈርመው ማሽን ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ የመሬት ሰነዶችን በፕሬዚዳንቱ ስም ጸሐፊ እንዲፈርም በሕግ ተፈቅዷል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ ሁለት ብዕር አንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነበረው፤ እሱ በአንዱ ሲጽፍ ሌላው እዚያው ቅጂውን ያወጣል። ቅጂው የማን እጅ ነው? እኔ የእሱ ነው ባይ ነኝ። ያንን ብዕር የገፋው የእሱ ክንድ ነውና።

ብርቅ የሆነውን የሚያሳድዱ አሉ። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1841 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ የቆየው አንድ ወር ብቻ ነው፤ በዚያች ወር የፈረመውን ወረቀት የማይመኝ ሰብሳቢ የለም። እኔ ግን የምወደው ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የሌለ የአንድ ምክትል ሚኒስትር ደብዳቤ ነው። በታይፕ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ። አንድ ሰው የጠየቀውን ነገር እምቢ ይለዋል። ቃላቱ ደረቅ ናቸው፤ የቢሮ ቃላት። ላይ ግን «ክቡር ሆይ» የሚለውን በብዕር ሰርዞ ከጎኑ የሰውዬውን ስም ጽፎለታል። የመጠሪያ ስሙን ብቻ፣ ያለ ማዕረግ። ጸሐፊዋ ታይፕ አድርጋ አመጣችለት፣ አነበበው፣ እንዲህ ሆኖ እንዲሄድ ግን አልፈለገም። እምቢታውን አልቀየረም። ይቅርታም አልጠየቀም። ስሙን ብቻ ጻፈለት።

ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። ዛሬ ግን ወደ ፎልደሩ ልመልሰው ስል ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት። የስረዛው መስመር ከጀርባ በኩል ጎልቶ ይዳሰሳል። ጫን ብሎ ነበር የሰረዘው።