የባሕር እርሾ

ዛሬ ጠዋት ቤት ባለው የባሕር ውሃ ገንዳዬ ውስጥ፣ ከኋላ ባለው ድንጋይ ላይ ሐምራዊ ነጥብ አየሁ። ምስር ታክላለች። መጀመሪያ የመስታወቱ ቆሻሻ መስሎኝ በጣቴ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም። የእጅ ባትሪ አብርቼ ስጠጋ ነጥቧ ያለችው ድንጋዩ ላይ ነው። ኮራላይን የሚባለው አልጌ ነው። ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም ተለጥፎ የሚያድግ፣ ከውሃው ካልሲየም እየወሰደ ራሱን የሚያጠነክር። ውሃው ካልተረጋጋ አይመጣም። 11 ወር ጠበቅኩት።

እማዬን ጠራኋት። ነጠላዋን እየተከናነበች መጣች።

"የቷ?"

አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችና "ያዘ ማለት ነው?" አለች።

"ያዘ፣ እማዬ።"

"እሰይ!"

"ያዘ" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚገባው ሰው የለም። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። በ1983 ግንቦት ከተማዋን ለቀን ስንወጣ 8 ዓመቴ ነበር። ከአሰብ የቀረልኝ ሙቀቱ፣ ማታ ማታ አልጋ ግቢ አውጥተን መተኛታችን፣ የጨው ማምረቻው ነጭ ሜዳና የባሕሩ ሽታ ነው። ባሕሩን በየቀኑ አየው ነበር። ግን ያየሁት ከላይ ነው። ሥሩ ምን እንዳለ ያየ ሰው በቤታችን አልነበረም። ዓሣ የምናውቀው ገበያ ላይ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ የሪፍ አኳሪየም፣ ኮራልና ዓሣ የሚኖሩበት የባሕር ውሃ ገንዳ፣ አየሁ። ኮራሎቹ በውሃው ሞገድ ሲወዛወዙ የነፋስ ቀን እርሻ ይመስላሉ። ስሜ ሁለቴ ሲጠራ አልሰማሁም። ኮራል ተክል ሳይሆን እንስሳ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ማታ ሳነብ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ እንዳለም፣ አሰብ አካባቢ ባሉ ደሴቶች ዙሪያ ጭምር እንዳለ ያን ማታ አነበብኩ። ለካ ጎረቤታችን ነበር።

እኔም ገንዳ አቋቋምኩ፤ 150 ሊትር ይይዛል። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ መስታወቱና ማስቀመጫው ሲደመር ከ200 ኪሎ በላይ ነው። የምንኖረው ምድር ላይ ባለው ፎቅ ስለሆነ ወለሉ አላስጨነቀኝም። ድንጋዩን ደረቅ ገዛሁት። ርካሽ ነው፤ የማይፈለግ ተባይም ይዞ አይመጣም። ያኔ ጥሩ ምርጫ መስሎኝ ነበር።

የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይጨመርም። ክሎሪን አለበት፤ መዳብም ሊኖርበት ይችላል። ለእኛ ምንም የማይል የመዳብ መጠን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ስለዚህ መለኪያው 0 እስኪል ድረስ በማጣሪያ አሳልፈዋለሁ። ከዚያ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው እጨምራለሁ። የወጥ ጨው አይደለም፤ ማግኒዚየሙም ካልሲየሙም ሌላውም እንደ ባሕሩ የተመጠነ ነው። እማዬ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆይታ "ባዶ እስኪሆን አጣርተህ መልሰህ ጨው ትጨምርበታለህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ያ ሁሉ ጨው አሰብ ሜዳ ላይ ተደፍቶ ቀርቶ፣ እዚህ በባልዲ ትገዛለህ።" ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁት። ማማሰያውን ተቀብላኝ እሷ አማሰለችው።

ከዚያ አምስት ሳምንት ውሃና ድንጋይ ብቻ። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ "ዓሣው የታለ?" ይላል። ለእማዬ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል፤ ይኼኛው መጠኑ ካልበዛ ችግር የለውም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ዓሣ አይገባም።

"እርሾ በለኛ!" አለች።

በትክክል። እርሾ ነው።

"ታዲያ እርሾውን ከማን አመጣህ?"

ከሱቅ በጠርሙስ የገዛሁትን አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና "የሱቅ እርሾ ያቦካል፤ ግን እንደ ቤት እርሾ አይሆንም" አለች። እኔ ስለ እንጀራ የምታወራ መሰለኝና አለፍኩት። ያን ቀን ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር አልደክምም ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋት የጨው ነው። ውሃው በየቀኑ ሁለት ሊትር ያህል ይተናል። እኔ ደግሞ የጎደለውን በጨው ውሃ እሞላው ነበር። የሚተነው ውሃው ብቻ መሆኑን፣ ጨው እንደማይተን፣ የጨው ሜዳ አጠገብ ያደግኩት ሰው አላሰብኩትም። ቀንድ አውጣዎች ካስገባሁ በ12ኛው ቀን በጨው መለኪያው ስለካ 1.025 መሆን የነበረበት 1.030 ደርሷል። ቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊታቸው ውስጥ ገብተው ተዘግተዋል። ቶሎ ላውርደው ብል ደግሞ ድንገተኛው ለውጥ ይገድላቸዋል። አራት ቀን ሙሉ ጥቂት እየቀዳሁ፣ ጥቂት ንጹሕ ውሃ እየጨመርኩ መለስኩት። ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የተነነውን የምተካው ጨው በሌለው ውሃ ብቻ ነው።

ሁለት ክላውንፊሽ ገቡ። እውነት ለመናገር የቀይ ባሕር ዓሦች አይደሉም። ዝርያቸው ከወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው። ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ይሆናሉ፤ ከጥንዶቹ ትልቁ ኋላ ሴት ይሆናል። የቀይ ባሕር ነገር ባይቀር ብዬ ያስገባሁት ዜኒያ የሚባለውን ኮራል ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ በብዛት ይገኛል። አጥንት የለውም፤ ለስላሳ ነው። ጫፎቹ የሕፃን እጅ ይመስላሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። በእስራኤል የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ኢላት ላይ፣ ወገኑን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ ያ እንቅስቃሴ አጠገቡ ያለውን ውሃ ይቀይርለታል፤ ውስጡ ያለው አልጌ የሚያወጣው ኦክስጅን እንዳይታፈን ይረዳዋል። እማዬ ከሁሉም እሱን ወደደችው። ቡናዋን ይዛ ፊቱ ትቀመጣለች።

ከዚያ ቡናማው መጣ።

አሸዋው ላይ እንደ አቧራ ጀመረ። ጠረግኩት። በማግስቱ ተመለሰ። በሳምንቱ ድንጋዩን ሁሉ ሸፈነው፤ እንደ ንፍጥ ይጎተታል፣ ክሮቹ ላይ የአየር አረፋ ተንጠልጥሏል። ማታ መብራት ሲጠፋ ይቀንሳል፤ ቀን ይመለሳል። ቆሻሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ድንጋዮቹን እያወጣሁ በብሩሽ ፈተግኩ። በሳምንት ሁለቴ ውሃ ቀየርኩ። የዓሦቹን ምግብ በግማሽ ቀነስኩ። ፎስፌት፣ ከምግብ የሚመጣውን የአልጌ ማዳበሪያ፣ የሚመጥ ነገር ማጣሪያው ውስጥ ጨመርኩ። ስለካ ናይትሬት 0፣ ፎስፌት 0። ደስ አለኝ። ውሃው እንደ ጠበል ጠርቷል። ቡናማው ግን ይባስ ብሎ ወፈረ። የቀሩት ቀንድ አውጣዎች ተራ በተራ ወደቁ። ዜኒያው እየጠበበ፣ እየቀለጠ ሄደ። አንድ ጠዋት ስነሳ ቦታው ላይ ነጭ ቅሪት ብቻ ነበር። እማዬ ምንም አላለችም። ወንበሯን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ያ ወንበር ከሁሉም በላይ አሳዘነኝ።

አንድ ማታ ልጄ ማይክሮስኮፗን አምጥታ "እስቲ እንየው" አለችኝ። አንድ ጠብታ አደረግን። የእንባ ቅርጽ ያላቸው ነገሮች፣ ጫፋቸው በአንድ ቦታ የታሰረ ይመስል፣ በዚያው ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ዲኖፍላጀሌት የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ያነበብኩት ካደረግኩት ሁሉ ተቃራኒ ነው። እነዚህ ነገሮች ብዙ ጊዜ የሚነግሡት ውሃው በጣም ሲጸዳ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲያልቅ ተፎካካሪዎቻቸው፣ ጥሩው ባክቴሪያና አልጌው፣ በረሃብ ይሞታሉ። ሜዳው ለእነሱ ይቀራል። እኔ እየፈተግኩ መንገዱን እየጠረግኩላቸው ነበር። የሚገርመው ደግሞ ኮራሎች ውስጥ ተቀምጦ ምግብ የሚሠራላቸው አልጌም የዚሁ ወገን ነው። ወገኑ አንድ ሆኖ አንዱ ያበላል፣ አንዱ ይገድላል።

ጠዋት ለእማዬ ነገርኳት። "ቡሃቃውን አጥበህው ነዋ" አለች። በሳሙና ፈትገህ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቀህ፣ ከዚያ ሊጡ ለምን አልቦካም ትላለህ? "እኔ ቡሃቃዬን እንደዚያ አጥቤ አላውቅም። ትንሽ ይቀርበታል። ከጠፋ ደግሞ ጎረቤት እሄዳለሁ።"

እኔም ጎረቤት ሄድኩ። ዓሣ የምገዛበት ሱቅ የተዋወቅኩት ሰው፣ ቤቱ ከእኛ 20 ደቂቃ ነው፣ 9 ዓመት የቆየ ሪፍ አለው። ከገንዳው ሥር ሁለት ድንጋይ አውጥቶ በባልዲ ሰጠኝ። ሐምራዊ ናቸው፤ ጥቃቅን ትሎችና ሌሎች ደቃቅ ፍጥረታት ይርመሰመሱባቸዋል። ገንዘብ ልስጥህ ብለው እንቢ አለ። እርሾ መቼም አይሸጥም። ባልዲውን መኪናው ወለል ላይ አድርጌ፣ እማዬ ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ ጭና፣ ቀስ ብለን መጣን።

ውሃ መቀየሩን አቆምኩ። ብሩሹን ከእይታዬ አራቅኩት። ዓሦቹን አጠገብኳቸው። ናይትሬቱ በሊትር ወደ 8 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱ ወደ 0.08 ወጣ። ያንን እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለእኔ ከባድ ነበር፤ ቆሻሻ እያየ ዝም የሚል ቤት አላደግኩም። በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ አልጌ ታየ። በስድስተኛው ቡናማው አሸዋው ላይ ብቻ ቀረ። በአሥረኛው ጠፋ።

ሌላም ጥፋት ነበር። ፋየርፊሽ የምትባል ዓሣ ክዳን በሌለው በኩል ዘላ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ደርቃ አገኘናት። ዝርያዋ በመዝለል የታወቀ ነው፤ መረቡን መጀመሪያ መግጠም ነበረብኝ። አሁን ተገጥሟል።

ጥር ላይ ደግሞ ማሞቂያው አልጠፋ ብሎ 25 ተኩል የነበረው ውሃ 30 ዲግሪ ደረሰ። አንዱ ኮራል ነጣ። ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ያለውን አልጌ ያስወጣል፤ ቀለሙም ዋናው ምግቡም አብሮ ይሄዳል። ነጭ ሆኖ በሕይወት ይቆያል፣ ግን እየተራበ ነው። አሁን ማሞቂያው ብልሽት ቢገጥመው የሚያጠፋው ሌላ መቆጣጠሪያ አለው። ኮራሉም በሁለት ወር ቀለሙ ተመለሰ። በዚያ ሰሞን ሳነብ ነው ይኼን ያገኘሁት፦ በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ኮራሎች፣ ሌላ ቦታ ያሉት የሚነጡበትን ሙቀት ይችላሉ። ምክንያቱን ተመራማሪዎች ሲያስቀምጡ፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ የእነዚህ ኮራሎች አያቶች ከሕንድ ውቅያኖስ የገቡት በባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ፣ በጣም ሞቃት በሆነው በደቡቡ ቀይ ባሕር በኩል ነው፤ ያንን ሙቀት ያልቻለ አላለፈም። አሰብ ያለችው እዚያው በሩ አጠገብ ነው። ለእማዬ አነበብኩላት። "በአሰብ ሙቀት ያለፈ ምን ያቅተዋል?" አለች፤ ከዚያም ስለ አባቴ ብዙ አወራችኝ።

ከወር በፊት ዜኒያ እንደገና አስገባሁ። ያው ድንጋይ የሰጠኝ ሰው አንድ ቅንጣቢ ቆርጦ ሰጠኝ። አውራ ጣት ታክል ነበር፤ አሁን ቡጢ ታክላለች።

ሐምራዊዋን ነጥብ ካየን በኋላ ወደ ሥራ ልሄድ ስዘጋጅ እማዬ ጠራችኝ። ወንበሯን መልሳ አዙራዋለች።

"አሰብም ታች እንዲህ ነበር?"

"ነበር፣ እማዬ።"

"እኛ እዚያ እያለን?"

"እኛ እዚያ እያለን።"

ጫማዬን አጥልቄ ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ ዜኒያው ላይ ነው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል።