ገና በሊዮን
እንኳን አደረሳችሁ! እዚህ ፈረንሳይ ጃንዋሪ 7 ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ ዶሮው የተበላው ማታ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከመጡ በኋላ ነው። ከላይኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን ጋሌት ይዘውልን መጡ። ፈረንሳዮች በጃንዋሪ 6 ሰብአ ሰገልን በሚያስቡበት በዓላቸው የሚቆርሱት፣ የአልሞንድ ክሬም ያለበት ኬክ ነው፤ ውስጡ ፌቭ የምትባል ትንሽዬ የሸክላ ምስል ትደበቃለች። ወጉ ደስ ሲል! በዕድሜ ትንሹ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እያንዳንዱ ቁራሽ ለማን እንደሚሰጥ ይጠራል። የኛዋ ሚጢጢ ገባችና መጀመሪያ የጠራችው እሳቸውን፤ ፌቯም ለሳቸው ወጣች። ፌቭ ለደረሰው የሚሰጠውን የወረቀት ዘውድ እንደደፉ እስከ በረካ ቡና ጠጡ። አያት አጠገባቸው ለሌለ ልጆቼ እኚህ ሴት ትልቅ በረከት ናቸው። እማዬ ስትደውል ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ቋንቋ ሳይግባቡ ብዙ ተሳሳቁ። ለፋሲካም ከወዲሁ ጠርቻቸዋለሁ።