የጎረቤት እንጎቻ

ጾም ላይ ሆኖ ስለ ምግብ ማውራት እንዴት እንደሚጣፍጥ የጾመ ሰው ያውቀዋል። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጓደኛችን ቤት ጉልባን ተጠርተን ሄደን፣ የባቄላ ክኩንና ስንዴውን እየዘገንን ወሬው ከየት እንደተነሳ እንጃ በቃ ልጅነት ውስጥ ገባን፣ ከዛ በኋላ ማን ያቁመን፣ እስኪመሽ አወራን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እዛ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ቢለው አይፈረድበትም እኮ፣ ግን ማናችንም የፋሲካን ዶሮ በልቶ ስለመጥገብ አላወራንም። የተነሳው እንጎቻ ነው፣ ሙልሙል ነው፣ ምሳ እቃ ውስጥ የቀዘቀዘ ፍርፍር ነው። ደሞ ልብ ብዬ ስሰማ አብዛኛው የተበላው ሰው ቤት ነው። የእናቶቻችን እጅ ሳይጥመን ቀርቶ አይደለም፣ የእናት ምግብ ይገባኛል ብለህ የምትበላው ነው፣ ጎረቤት የሰጠህ ግን ሳይገደድ የሰጠህ ስለሆነ ይመስለኛል እስከዛሬ አፍህ ላይ የሚቀረው።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። ማድ ቤቱ የጋራ ነበር፣ ለመጋገርም ተራ ነበረው፣ ዛሬ እነሱ ቤት ነገ እነዚያ ቤት ስለሚጋገር ለኛ ለልጆቹ ሁሌም የእንጎቻ ቀን ነው ማለት ይቻላል። በተለይ ጓሮ በኩል ያሉት እትዬ ሲጋግሩ። ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያሹት የሚነሳው ጭስ ሽታው ልዩ ነው፣ እሱ አፍንጫችን ውስጥ ሲገባ ኳሱን እዛው ትተን እንሮጣለን። ሊጡ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ጠራርገው ትናንሽ እንጎቻ ያወጣሉ፣ አክንባሎው ብድግ ሲል እንፋሎቱ ፊታችንን እየለበለበን ተሰልፈን እንጠብቃለን፣ አዋዜ በዘይት ቀብተው ጠቅለል አድርገው ይሰጡናል፣ ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እያገላበጥን እፍ እፍ እያልን፣ ዘይቱ እስከ ክርናችን ይወርዳል። የራሳቸው ልጅ እኮ ከኛ ጋር ተሰልፎ ነው ተራውን የሚጠብቀው፣ አንድም ቀን ቀድሞ ሲወስድ አላየሁም። አሁን እኔም እናት ሆኜ ሳስበው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዱቄት በሚወደድበት ጊዜ የሰውን ልጅ ከራስ ልጅ እኩል ማሰለፍ።

የድሬው ልጅ ተራው ሲደርስ ሁላችንም ዝም አልን፣ የድሬ ልጅ ሲያወራ ማን ያቋርጠዋል። አባቱ ምድር ባቡር ነበር የሚሠሩት፣ ድሬዳዋ ራሷ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ሰፈሩ ውስጥ የሌለ ብሔር የሌለ ሃይማኖት የለም ይላል። ረመዳን ሲገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሱ የጎረቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አዛን ይጠብቃል፣ ሳይጾም። አዛኑ ሲሰማ የቤቱ እናት ለልጆቻቸው ቴምርና ሾርባ ሲያቀርቡ ለሱም ሳህን ይወጣለታል፣ ሳምቡሳው ከዘይት ገና እንደወጣ ነው፣ ማታ ደሞ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ደጅ ሲያወጣ ሙሸበክ ይገዛል፣ ስኳሩ ጣት ላይ ተጣብቆ ያድራል። ከሁሉ የነካኝ ግን የፋሲካው ነው። እናቱ ሁለት ድስት ነበር የሚጥዱት፣ አንዱን ዶሮ አባቱ ባርከው ያርዳሉ፣ ሌላውን ጎረቤታቸው መጥተው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል፣ ድስቱ ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ። ሽንኩርቱና በርበሬው ግን አንድ፣ የሠራውም እጅ አንድ። ልጆቹ የትኛው ድስት የማን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው ይጠነቀቃሉ። ወሎ ያደገችው ጓደኛችን እሱ ሲያወራ አንገቷን እየነቀነቀች ነበር፣ እነሱም ጋ እንደዛ ነው። በአሁኑ ጊዜ ስንት የሚያስከፋ ወሬ በምንሰማበት አገር እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግመን ማውራት አለብን ብዬ ከልቤ አምናለሁ፣ ያየነውን ነው የምናወራው፣ ፈጥረን አይደለም።

ጉራጌው ጓደኛችን መስቀልን አነሳ፣ ሌላ ምን ያነሳል። መርካቶ የሚሠሩት አጎቶቹ ሁሉ ሱቃቸውን ዘግተው አገር ቤት የሚገቡበት ሰሞን ነው፣ እሱም ልጅ ሆኖ መኪና ላይ ታጭቆ ይሄዳል። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ አለ፣ በሬው ከታረደ በኋላ ደሞ ዋናው ክትፎ በእንሰት ቅጠል ላይ ከቆጮ ጋር፣ ቅቤው አያቱ ለዚህ ቀን ብለው ሲያጠራቅሙት የከረሙት ነው። ከአንዱ ቤት ወጥተህ ሌላው ቤት ትገባለህ፣ ጠግቤያለሁ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱን ቤት አልፈህ ብትሄድ ቅያሜ ነው። አዲስ አበባ ተመልሶ ትምህርት ሲጀምር ልብሱ ራሱ ቅቤ ቅቤ ይል ነበር አለ፣ እናቱ ብታጥበው ብታጥበው አይለቅም።

ቡሄን ሁላችንም እኩል ነው ያወራነው፣ ስለዚህ እዚህ አላስረዝመውም። ነሐሴ 13 ሲደርስ ዱላችንን ይዘን ሆያ ሆዬ እያልን ስንዞር ከየቤቱ ሙልሙል ይወጣል፣ አንዱ ቤት ጥቁር አዝሙድ አለው፣ አንዱ ትንሽ አረር ብሏል፣ የማን ቤት ዳቦ እንደሆነ ዓይናችንን ጨፍነን እንለየዋለን። አሁን ብር ነው የሚሰጠው። እኔ ዳቦው ይሻል ነበር ባይ ነኝ፣ ብር የማንም ቤት ሽታ የለውም።

ከዛ አንዱ ጓደኛችን፣ ብዙ የማያወራው፣ የምሳ ሰዓቱን አነሳ። አብረን ነው የተማርነው፣ አንድ ክፍል። ያኔ ትምህርት ቤት ምሳ የሚባል ነገር የለም፣ አሁን አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለልጆቹ ቁርስና ምሳ እዛው ሲቀርብላቸው ሳይ ደስ የሚለኝ በሱ ምክንያት ነው። ብዙ ቀን ምሳ ሳይዝ ነበር የሚመጣው፣ ደወሉ ሲደወል ቧንቧው ጋ ሄዶ ውኃ ጠጥቶ ኳስ ሊጫወት ይወጣል፣ በልቶ የጨረሰ እንዲመስል። አንድ ቀን ዛሬ ጉልባን የጋበዘችን ጓደኛችን ዛፍ ስር ሁላችንንም ሰብስባ ምሳ እቃችሁን ክፈቱ አለችና ሽሮ ፍትፍቱን፣ ፓስታውን፣ ዳቦውን አንድ ላይ ደባለቀችው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ እንደዛው ሆነ። ሁሉም ከሁሉም ይበላል፣ ማን አመጣ ማን አላመጣ አይታወቅም። የሷ ቲማቲም ፍርፍር ነበር፣ ሁሌ የሚተርፍ፣ እኔ ጠግቤያለሁ አንተ ጨርሰው ትለዋለች። እሱ ይሄንን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ተቆራረጠ፣ ስንት ዓመት አብረን ቡና ስንጠጣ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

እሷ ግን እኔ አይደለሁም አለች። ስልኳን አነሳችና እናቷ ጋ ደወለች፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። እማ፣ ድሮ ለምንድነው ሁለት ሰው የሚበላ ምሳ የምትቋጥሪልኝ የነበረው አለቻቸው። እሳቸው ምንም አላሰቡም፣ ወዲያው ነው የመለሱት። ያ ልጅ ከስቶ አየሁታ፣ አንቺን ሊሸኝ በር ድረስ ሲመጣ፣ ልጁን ጠርቼ ብሰጠው ያፍራል፣ ባንቺ በኩል ይሂድለት ብዬ ነው አሉ። ከሱ ጋር ተቀምጠናል እማ፣ እዚህ ነው ያለው ስትላቸው ስልኩን ስጪው አሉ። እሱ እማማ እንደምን ዋሉ ብሎ ከዛ በኋላ መናገር አቃተው፣ እሳቸው ናቸው የሚያወሩት፣ ልጆችህ ደህና ናቸው፣ ሚስትህ ደህና ናት፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሁላቸውንም ይዘሃቸው ና፣ ፍርፍሩን እሠራዋለሁ። በዘይት ነው በቅቤ እማማ ብሎ ጠየቃቸው።

በፍስክ ደሞ ምን ዘይት አለ ልጄ፣ በቅቤ ነው እንጂ አሉት። ከስቶ ከመጣ ግን እቆጣዋለሁ ብለው ለልጃቸው ጨመሩላት፣ ሁላችንም ሰምተናል።