ራሴና ሆዴ

ጅማ፣ ሐሙስ ሌሊት

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ፔሬዴ ትናንት መጣ። ቁርጠቱ ወገቤ ድረስ ዘልቋል፤ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ደግሞ ያ የማውቀው ውጋት ጀምሯል። ሁለቱ ሁሌም ተያይዘው ነው የሚመጡት። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ሆዴ ላይ አድርጌያለሁ። ፕላስቲኩ በሙቀቱ ተጨማድዶ አንገቱ ተጣሟል።

«ስትወልጂ ይተውሻል» ሲሉኝ ኖሩ። ወለድኩ። ልጄ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ቁርጠቱ ግን እዚሁ ነው።

ራስ ምታቱንማ ጅማ ውስጥ ለማንም ብትነግሩ መልሱ አንድ ነው፦ ቡና ስላልጠጣሽ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ እንኳ «እስቲ አንድ ስኒ ድገሚ» ተብያለሁ።

ዛሬ ስለ ጂን (ከወላጅ ስለምንወርሰው የዘር መመሪያ) ጥናቶች ሳነብ አመሸሁ። ለከባድ የወር አበባ ሕመም የሚያጋልጠው ምንድን ነው ብለው ሲፈልጉ፣ ደጋግሞ ብቅ ያለው ኤንጂኤፍ የሚባል ጂን አካባቢ ነው። ሥራው ነርቭ የሚያሳድግ ፕሮቲን መሥራት ነው። ፕሮቲኑን ያገኘችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸልማበታለች። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎች ሕመም አይሰማቸውም። ለአንድ ደቂቃ ቀናሁባቸው። አጥንታቸው ሲሰበር እንኳ ላያውቁት እንደሚችሉ ሳነብ ቅናቴ በረደ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም) ያለባቸውን ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች አይቶ፣ ሕመሙ ከማይግሬን፣ ከዚያ እየተመላለሰ ከሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ጋር የሚጋራው የዘር መሠረት እንዳለ አገኘ። እኔ ይኑርብኝ አይኑርብኝ የመረመረኝ የለም። ሴቶቹም የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ እኛ የለንበትም። ይሄ አናደደኝ።

እማዬም ድሮ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስርና ዳማከሴ እያሸተተች ትተኛ ነበር። በኋላ ለቀቃት። «ጠበሉ ነው» ትላለች። አሁን በጣቴ ስቆጥር፣ ጠበል የገባችበት ዓመት የወር አበባዋ ሊቆም ሲል «ሙቀት ሙቀት አለኝ» እያለች በብርድ መስኮት ስትከፍት ከነበረበት ዓመት ጋር ገጠመብኝ። ነገ ቡና ላይ ልጠይቃት ነው። በየትኛው አፌ እንደምጀምረው እንጃ።