መዝገብ ቤት የቀረው የዋተርስተን ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1891 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበሩት የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ ከማኅበሩ መዝገብ ቤት አንድ የቆየ የእጅ ጽሑፍ አስወጡ። የጽሑፉን መኖር ያወቁት በ1858 ስለ ድምፅ የታተመ ሌላ ጥናት ሲያነቡ ነው፤ ደራሲው እዚያ ላይ ቀደም ሲል ለማኅበሩ የላከውን ሥራ በጥቂት ቃላት ጠቅሶት አልፏል። የተገኘው ጽሑፍ ዲሴምበር 11 ቀን 1845 ደርሶ ማርች 5 ቀን 1846 የተነበበ ነበር። የጋዝ ሙቀት ከቅንጣቶቹ አማካይ የፍጥነት ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን፣ የተለያዩ ጋዞች ሲቀላቀሉም የአንዱ ቅንጣት ክብደት በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ከሌላው ጋር እኩል እንደሚሆን ይገልጻል። የጋዝን ጠባይ በቅንጣቶቹ እንቅስቃሴ በማስረዳት ስማቸው የሚነሣው የፊዚክስ ሊቃውንት ክላውሲየስና ማክስዌል ወደዚህ መስክ የገቡት ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይተው ነው።

ደራሲው ጆን ጄምስ ዋተርስተን የኤድንብራ ተወላጅ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት በቦምቤይ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖች ያስተምር ነበር። የማኅበሩ አባል ስላልነበረ ጥናቱን በራሱ ስም ማቅረብ አይችልም፤ ያቀረበለት ቀድሞ የሚያውቀው፣ የነፋስ ኃይል መለኪያው በስሙ የሚጠራለት ካፒቴን ፍራንሲስ ቦፎርት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሂደት ጽሑፍ ተቀብሎ ለገምጋሚ የሚያስተላልፍ የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ከዚህ ሥራ ስለማልርቅ ታሪኩን ያነበብኩት በባለሙያ ዓይን ነው። በቪክቶሪያ ዘመን የመጣው ጥናት በጸሐፊዎቹ በኩል አልፎ በስብሰባ ይነበባል፣ አጭር መግለጫው በማኅበሩ የስብሰባ መጽሔት ይወጣል፤ ሙሉው በትልቁ መጽሔት ይታተም ወይስ ይቅር የሚለውን ግን ስማቸው ለደራሲው የማይገለጽ ገምጋሚዎች የሰጡትን አስተያየት ይዞ የጥናቶች ኮሚቴ ይወስናል። የዋተርስተን ጥናት ለሒሳብ ሊቁ ለባደን ፓወልና ለሰር ጆን ዊሊያም ለቦክ ደረሰ። ለቦክ የባንክ ባለቤት፣ የሥነ ፈለክ ሰውና ለዓመታት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የነበሩ ሲሆን፣ ጽሑፉ ፍጹም ከንቱ እንደሆነና በማኅበሩ ፊት ለመነበብ እንኳ እንደማይበቃ ጻፉ። በመጨረሻ የታተመው ያቺ አጭር መግለጫ ብቻ ናት።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለቦክን ይወቅሳሉ። እኔ ግን ገምጋሚ መሳሳቱ አይደንቀኝም፤ ገምጋሚ ይሳሳታል፣ ሁለተኛ ዕድል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ዕድሉን የዘጋው በማኅበሩ የተነበበ ጽሑፍ የማኅበሩ ንብረት ይሆናል የሚለው ደንብ ነው። በደንቡ መሠረት ጽሑፉ ሳይታተም ሲቀር ለባለቤቱ አይመለስም፣ መዝገብ ቤት ይገባል። ዋተርስተን ደግሞ ለራሱ ቅጂ አላስቀረም። አንድ ቢሮ ሥራውን አልፈልገውም ብሎ መመለስ ወይም ወድጄዋለሁ ብሎ ማስቀረት መብቱ ነው፤ አልፈልገውም ካለ በኋላ መያዙ ግን ማንንም አልጠቀመም። የሚገርመው ማኅበሩ ራሱ ያኔ በማሻሻያ ክርክር ተጠምዶ ነበር፤ በ1847 በወጣው አዲስ ደንብ የሚመረጡት አባላት በዓመት 15 ብቻ እንዲሆኑ ተወስኗል። ሳይንስን ከባለማዕረጎች ክበብነት ለማውጣት ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የታገሉለት ሰዎች ግን ዓይናቸው ማን ይግባ በሚለው ላይ እንጂ የገባው ወረቀት የት ይደርሳል በሚለው ላይ አልነበረም።

ዋተርስተን በ1851 የሐሳቡን አጭር መግለጫ ለብሪታንያ የሳይንስ ማራመጃ ማኅበር አቅርቦ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በ1883 ከኤድንብራ ቤቱ ወጥቶ በዚያው ጠፋ። ሬይሊ ጥናቱን ያሳተሙት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1892፣ የራሳቸውን መግቢያ አክለውበት ነው። በመግቢያው ላይ ጽሑፉ በጊዜው ባለመታተሙ መስኩ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሳይዘገይ እንዳልቀረ ጽፈዋል፤ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይህን በማኅበሩ መጽሔት ላይ ማተም ቀላል አይደለም፣ አከብራቸዋለሁ። እዚያው ላይ ግን ስም የሌለው ደራሲ ደፋር ሐሳቡን በሳይንስ ማኅበር በኩል ከማቅረብ ይልቅ ሌላ መንገድ ቢፈልግ፣ አስቀድሞም በመጠነኛ ሥራ ራሱን ቢያስተዋውቅ ይሻለዋል የሚል ምክር ሰጥተዋል።

ምክሩን ሳነብ ልጃቸው በአባቱ የሕይወት ታሪክ ላይ የተረከው ሌላ ገጠመኝ ይመጣብኛል። ሬይሊ ራሳቸው ለዚያው ለብሪታንያ ማኅበር የላኩት አንድ ጽሑፍ ስማቸው ሳይጻፍበት ቀርቶ ወይም ከላዩ ተገንጥሎ ስለነበር፣ ኮሚቴው የአንድ ቅዠታም ሰው ሥራ ነው ብሎ ጣለው፤ የማን መሆኑ ሲታወቅ ግን ለካ ቁም ነገር አለው ተብሎ ተቀባይነት አገኘ።