የቀዘቀዘ ወጥ

ቅዳሜ ማታ ነው። ሰንበት ከወጣች አንድ ሰዓት አልፏል፤ ልጆቹ ተኝተዋል።

ትናንት ዐርብ ጠዋት ከጸሎት ስንወጣ አንድ ወጣት አስቆመኝ። «ራባይ፣ ስልክዎን ሃያ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲዘጉ ምንም አይሰማዎትም?» አለኝ። ሚሽና፣ የጥንት ራባዮች (የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን) የሕግ መጽሐፍ፣ በሰንበት የሚከለክላቸውን 39 የሥራ ዓይነቶች ጠቅሼ፣ ሰው ከእጁ ሥራ ሲለይ ነው ራሱን የሚያገኘው አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ለራሴ አፈርኩ። በየሳምንቱ በሰንበት መሸኛ ጸሎት ባለቤቴ የተገመደውን ሻማ ትይዛለች፣ እኔ የወይኑን ጽዋ አነሣለሁ። አፌ ቅዱሱን ከተራው የለየውን አምላክ ያመሰግናል፤ ዓይኔ ግን ስልኩ ያለበት የወጥ ቤት መሳቢያ ላይ ነው።

እናቴ እንዲህ ያለ መሳቢያ አልነበራትም። ጎንደር፣ አምቦበር ሳለን ዐርብ ከሰዓት ወንዝ ወርደን ገላችንን እንታጠባለን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል። ኩራዝም አይበራም። ምግቡ የዐርብ ነው፣ ቀዝቃዛ። በረከቴ የምንለው የሰንበት ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠብቀናል። ሌሊቱን የማስታውሰው በድምፅ ነው፦ የአክስቴ ሳል፣ የአባቴ ጸሎት፣ በጨለማ የሚነገር ተረት። ማን እንዳኮረፈ እንኳ ከአነጋገሩ ይታወቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ስንገባ ዐሥር ዓመቴ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ የሺቫ፣ የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ገባሁና ራባዮች የሰንበት መብራት አስቀድሞ እንዲበራ ያዘዙት ለቤት ሰላም እንደሆነ ተማርኩ፤ በጨለማ የሚደናቀፍ ሰው ሰላም የለውምና። ምግብም አስቀድሞ እሳት ላይ ከተቀመጠ ትኩስ ሆኖ መቆየት ይችላል። እንዲያውም የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ራባይ ዘራህያ ሃሌዊ፣ በሰንበት ትኩስ የማይበላ ሰው መናፍቅ እንዳይሆን ይመርመር ይላል። እሱ ያሰበው የራባዮችን ቃል የማይቀበሉትን ነው። እኔ ግን ያሰብኩት እናቴን ነበር።

በዚያው ሰሞን ፕላታ ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ዐርብ ተሰክቶ እስከ ቅዳሜ ማታ የሚግል የብረት ሰሌዳ ነው። «ኦሪት በሰንበት እሳት አታንድዱ አላለችም?» አለች እናቴ። «የተከለከለው ማንደድ ነው፤ የነደደውን ማቆየት አይደለም» አልኳት፣ በጎረምሳ ጉራ። ብረቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። በቀጣዩ ዐርብ ራሷ ሰካችው። ያሸነፍኳት መሰለኝ።

ታልሙድ፣ የራባዮች ክርክር የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ከሁለቱ ተከራካሪ የጥንት ትምህርት ቤቶች የሂሌል ቤት በሸማይ ቤት ላይ ለምን እንደተመረጠ ሲያስረዳ፣ ከራሳቸው ቃል በፊት የተከራካሪዎቻቸውን ቃል ያቀርቡ ስለነበር ነው ይላል። ይህን ክፍል ለተማሪዎች ስንቴ አስተምሬዋለሁ! የእናቴን ቃል ግን በሷ አንደበት አንድ ቀን እንኳ አስረድቼ አላውቅም።

ስለዚህ ትናንት፣ የወጣቱ ጥያቄ ሲከነክነኝ ውሎ፣ ፕላታውን ሳልሰካው ቀረሁ። ሻማውን አብርተናል፤ ሕግ ሕግ ነው፣ ራባይ ነኝ። ምግቡ ግን እንደ አምቦበሩ ይሁን አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

እናቴ ዛሬ ለምሳ መጣች። አሁን ከሰማንያ አልፋለች፤ ሁለት መንገድ ተሻግራ በምርኩዝ ነው የምትመጣው። እንጀራውን ቆርሳ የረጋውን ዶሮ ወጥ ነካችና እጇን መለሰች።

«ምነው ልጄ፣ መብራት ጠፍቶባችሁ ነው?»

ጠረጴዛው ላይ ስብከት ጀመርኩ፤ ስለ አምቦበር፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ እሷ ሰንበት፣ ያኔ ስለተናገርኳት ነገር። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«እሱማ ትእዛዝ ነው» አለች። «እኔ ግን ያኔም ቢሆን ትኩስ ነበር የምወደው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ወጡን እንደረጋ በላነው፤ ስትሄድ በር ላይ ቆማ ለሚቀጥለው ሳምንት ብረቱን እንዳልረሳ አስጠነቀቀችኝ።